በድዳው ወረዳ የተቀበረ ልብ

ሬሳው ኬላው ጋ ከመድረሱ በፊት ጥሪው ደረሰ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የሞገድ መፈለጊያ መርፌውን ወደ ቀኝ ጥግ ወረወረና እዚያው ቀረ። መኪናው ገና ከቁልቁለቱ ማዶ ነበር፤ አቧራው እንኳ አልታየም። የጥሪውን ዓይነት አውቀዋለሁ። ልብ ጠባቂ የሚባለው መሣሪያ የሚያሰማው የባለቤቱ ልብ ሲቆም ብቻ ነው። የሚጣራው አባቴ ነበር።

ማረፉን አስቀድሜ ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎች በዋዜማው ማለዳ ኬላው አጠገብ ካለው ቤቴ መጥተው አርድተውኛል። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሥራ ገባሁ። ኬላው ላይ ከእኔ ሌላ ተቆጣጣሪ የለም፤ ቢኖርም አባቴን ባዕድ እንዲፈትሸው አልፈልግም ነበር።

ከወረዳችን ውጭ ያለው ሰማይ የቀለበት ኩባንያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሳተላይቶቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ልጆች ኮከብ ቁጠሩ ሲባሉ የትኛውን ብለው ይጠይቃሉ። ሸሚዙ ከሰማይ ጋር ያወራል፤ የውኃ ቆጣሪው ያወራል፤ የፍየሏ ጆሮ፣ የተተከለው ጥርስ፣ የሕፃኑ ሽንት ጨርቅ ሳይቀር ያወራል። እኛ ጋ ብቻ ዝም ነው። ሜዳችን ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ሳህኖች፣ ጆሮው የምንላቸው፣ ከዋክብት ከመፈጠራቸው በፊት ከነበረው ጨለማ የሚመጣ ድምፅ ያዳምጣሉ። እንዲህ ያለ ጆሮ ሌላም አገር ነበር። ሰማዩ ሲንጫጫባቸው አንድ በአንድ ደነቆሩ፤ የቀረው የእኛው ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ ስማችን የጸጥታ ክልል ነው። ሕዝቡ ድዳው ወረዳ ይለዋል። እንግዶች «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ሊያጽናኑን ይሞክራሉ። ዝንቡስ ሞልቶናል፣ የጠፋው ስልክ ነው።

የሽቦ ስልክ ይገባላችኋል ተብሎም ነበር። ሽቦው መጣ፣ ጆሮው ግቢ ገባ፣ ከዚያ አላለፈም። ባሕር ማዶ ያለ ልጁን ድምፅ መስማት የፈለገ ሰው ከመንደሩ እስከ ኬላው ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄዳል። አቅም የሌለው ይተወዋል።

የእኔ ሥራ የሚገባውን ሁሉ ዝም ማሰኘት ነው። ቁልፍ እፈትሻለሁ፣ ጫማ አስወልቃለሁ፣ የፍየል ጆሮ እፈታለሁ። ባለፈው ጥር አንድ ሚዜ ጥርሱን አውልቆ ካላስረከበ አያልፍም ብዬ ሙሽራውን፣ አጃቢውን፣ ከበሮውን ሁሉ ፀሐይ ላይ አቆምኩ። ሚዜው በመጨረሻ አወለቀው። ሠርጉን ሙሉ እጁን አፉ ላይ አድርጎ አሳለፈ አሉ። ስሜ ወሰንየለሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ኬላዋ ነው የምባለው።

ሕጋችን ጥብቅ ነው፤ አንድ በር ግን አለው። የቀለበት ሳተላይቶች በእኛ ላይ ሲያልፉ ጨረራቸውን መዝጋት አለባቸው፤ ነፍስ አድን መሣሪያ ከተጣራ ግን ከፍተው መመለስ አለባቸው። ጨረሩ አንድ ወር ሳይቋረጥ ካበራ ቦታው አገልግሎት ላይ የዋለ ሰማይ ይባልና ዳግመኛ አይዘጋም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ነዋሪውን አስበዋል፣ እንግዳውን አስበዋል። ሬሳውን አላሰቡትም። የዚህ አገር ሰው በሕይወቱ ሸሽቶት የኖረውን መንደር ሬሳው እንደሚመለስበት ሕግ የሚጽፍ ሰው እንዴት ይረሳል? እሱስ የት ሊቀበር ነው? ቀለበት ግን አልረሳም። የወረዳችን ተወላጅ ለሆኑ አረጋውያን ሁሉ፣ የትም ይኑሩ የት፣ ልብ ጠባቂ በነፃ እተክላለሁ ብሎ አስነገረ። እኛም እግዜር ይስጥልን አልን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

መኪናው ቆመ። አባባን ከተማ ወስዶ ያኖረው ወንድሜ እዮስያስ ጥቁር ለብሶ ወረደ። የአባቴ እህት እትዬ የሺ ከለቀስተኛው ጋር ሬሳውን ለመቀበል ከማለዳ ጀምራ ኬላው ላይ ነበረች፤ ጩኸቱ ቀለጠ። ከኋላ ሌላ መኪና ነበር፤ ከቀለበት የተላከ አቶ ኪሩቤል የሚባል ለስላሳ ሰው የአበባ ጉንጉን ይዞ ወጣ።

«መዝጊያውን አንሺው እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ እዮስያስ።

«እየተጣራ ነው» አልኩት።

«ማን?»

«አባባ።»

እትዬ የሺ ደረቷን መምታቷን አቆመች። «ምን ትላለች ይቺ! ኧረ ስሟት፣ ምን ትላለች!»

አስረዳሁ። ሐኪም ሞቱን አረጋግጧል፤ ለቀለበት ግን የሐኪም ቃል አይበቃውም። ከተመዘገቡት ልጆች አንዱ በገዛ ድምፁ ሞቷል ካላለ መሣሪያው አይዘጋም። የተሠራውም ከፍርስራሽ ሥር እንዲሰማ ተደርጎ ስለሆነ አፈር አያፍነውም፤ ከመቃብር ሆኖ ዓመታት ይጣራል።

«አንድ ቃል ናት» አልኩት ወንድሜን። «ሞቷል በላቸውና እንግባ።»

«አልልም።»

«እዮስያስ!»

«አልልም አልኩሽ። ከቻልሽ አንቺ በዪ።»

«እኔ ተመዝግቤ ነው?»

«ስልክ የሌለውን ሰው ማን ይመዘግባል?» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሐዘን መሰለኝ። አባቴ ሞቷል ብሎ መናገር ለማንም ልጅ ከባድ ነው፣ ለማሽን መናገር ደግሞ ይብሳል። አልጫንኩትም። መሣሪያው ጤና ጣቢያ ይውጣ ብዬ ሐሳብ ባቀርብ እትዬ የሺ መሬት ላይ ተጣለች። «በወንድሜ ሬሳ ላይ ቢላ አይወጣም! መጀመሪያ እኔን እረጂኝ!» አለች። ከለቀስተኛው ጋር የመጡት ቄሳችን መምሬ ዘውገም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሬሳ አይታረድም።

አቶ ኪሩቤል ወደ መስኮቴ ቀረበ። ከልብሱ ቁልፍ እስከ መነጽሩ የሚያወራ ስለነበር ኬላውን ማለፍ አይችልም።

«የቤተሰቡን ፍላጎት እናከብራለን» አለኝ በቀስታ። «ውስጥ ገብተው ከተጣሩ ግን ግዴታችን ነው፤ እንመልስላቸዋለን። ሕጉ ነው እህቴ።»

«ሞተው እኮ ነው።»

«እሱን ልጃቸው ይንገሩን። የወረዳችሁ አረጋውያን ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ነገም እንገናኛለን» አለና አበባውን መዝጊያው ላይ አንጠለጠለው። ሲሄድ ቀድጄ ጣልኩት።

መፍትሔውን ያመጣችው ዶክተር ሲፈን ናት። ጆሮው ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ አንድ በአንድ ሲለቁ የቀረች፣ ፀጉሯ ያለጊዜው የሸበተ የወለጋ ልጅ ናት። ከናፍጣ መኪናዋ ላይ ጥቅል የመዳብ መረብ አወረደች። ጆሮው ራሱ የገዛ ዕቃዎቹን የሚያፍንበት ነው። «ቀዳዳ ሳይኖረው ከተጠቀለለ አንድ ነገር አይወጣም፤ ቀዳዳ ካገኘ ግን ሁሉም ይወጣል» አለች። ከከፈኑ በላይ፣ ከሰሌኑ በታች ጠቀለልነው። እኔ እግሩን ያዝኩ። ጫፉን አጥፈን ስንጨርስ መርፌው ቀስ ብሎ ወረደና ዜሮ ላይ ተኛ። እትዬ የሺ እንኳ አጉረመረመች እንጂ አልከለከለችም፤ መዝጊያውን አነሣሁ።

ስለ ጆሮው ለምን እንዲህ እንደምሆን ሰዎች ይጠይቁኛል። ደሞዙ ነው ብል ይቀለኛል። እውነቱ ወድጄዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ዶክተር ሲፈን የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋልኝ ነበር። የሚሰማው ዝናብ ሊመጣ ሲል ሣር ላይ እንደሚሄደው ሹክሹክታ ያለ ነገር ነው። «ይህ ሁሉ ዓመት የሰበሰብነው ኃይል ተደምሮ አንዲት የጤፍ ቅንጣት ከመደብ ላይ ስትወድቅ ያላትን አያህልም» አለችኝ። ያን ያህል ትንሽ ነገር ያን ያህል ርቀት መጥቶ የሚሰማው ሲያጣ አንጀቴን በላኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ካልበቃ ይቅር።

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሕዝቡን ሰብስቦታል። ፍትሐቱ ተደረገ። እኛ ሴቶቹ እንደ ልማዱ ከጉድጓዱ ራቅ ብለን ቆምን፤ እትዬ የሺ ራሷን ልትወረውር ስትል እየያዝኩ ሌላ ነገር አላየሁም። ጉድጓዱ ውስጥ የወረዱት አያ ድንቁ ነበሩ። በእኛ መንደር ሬሳ ታስሮ አይቀበርም። ጉድጓድ የሚወርደው ሰው የአውራ ጣቶቹን ክር ይፈታል፣ የከፈኑን እስር ይፈታል፤ ሙት በትንሣኤ ሲጠራ ተጠላልፎ እንዳይወድቅ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ። ዶክተር ሲፈን አታውቅም። መረቡን ስንጠቀልል ግን አንዳችንም አያ ድንቁን አልነገርናቸውም።

አፈሩ መውረድ ሲጀምር በአንገቴ ያንጠለጠልኩት የእጅ መፈለጊያ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። «አፈር አትመልሱ! አውጡት! አባቴን አውጡት!»

የአባቷ መቃብር ላይ እንዲህ የማትል ሴት ልጅ የለችም። አራት ሴቶች ከግራ ከቀኝ ያዙኝ። ልሮጥ ብል አጠበቁብኝ። «ይጣራል! ልቡ ይጣራል!» ስል ለቅሶው ደራ፤ አንዲቱ ግጥም አደረገችው። እትዬ የሺ አለማልቀሴን ስትታዘብ ስለዋለች ተጽናናች። «ይውጣልሽ ልጄ» አለችኝ አቅፋ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።» እኔ እየተወራጨሁ አካፋው ሥራውን ጨረሰ፤ ድንጋዩ ተደረደረ። ሲለቁኝ የሚሠራ ነገር አልቀረም።

አያ ድንቁን ከግቢው በር ላይ ያዝኳቸው።

«አያ፣ መረቡን ምን አደረጉት?»

«በማጭድ ቀደድኩለት» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «እንደ ዓሣ ተይዞ ይቀበር እንዴ ጋሽ ማንያዘዋል? ከላይ እስከ ታች ነው የቀደድኩለት። አንቺ ስላልታየሽኝ ነው እንጂ ተናድጄ ነበር።»

ምን እላቸዋለሁ? እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

መምሬ ዘውገ የተቀበረ አይቆፈርም አሉ። አጽም ለማንሣት ሰባት ዓመት መቆየት፣ ከዚያም የጳጳስ ፈቃድ ማምጣት ያስፈልጋል። ለመሥሪያ ቤቴ አመለከትኩ፤ ጉዳዩ ሙታንን ስለሚመለከት ከሥልጣናችን ውጭ ነው የሚል መልስ መጣ። ከሕያዋንም ጋር ያን ያህል አይተዋወቁም።

ቀለበት ቃሉን ጠበቀ። በሠልስቱ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጸሎት ላይ ሳለን የአንድ ጎልማሳ ኪስ ጮኸ። ከኬላው ወዲህ ስልክ ሲጮኽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጸሎቱ ቆመ። ሰውየው ደንግጦ ኪሱን በእጁ አፈነ፤ ቀጥሎ የሌላ ሰው ጮኸ፤ ቀጥሎ ከሴቶቹ በኩል። ስንቱ ደብቆ ኖሯል! ከጎተራ፣ ከፍራሽ፣ ከመቀነት፣ ከጸሎት መጽሐፍ ማኅደር ውስጥ ሳይቀር ወጣ። እኔ ስፈትሽ የኖርኩት ለካ የጨዋውን ኪስ ብቻ ነው።

ጨረሩ ጠባብ ነው፤ የሚጣራውን ልብ ተከትሎ ይወርዳል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከወጡ አይሠራም፤ ደህና የሚሠራው መቃብሮቹ መካከል ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው የአባቴ ራስጌ ነው። ስለዚህ መንደሩ ኑሮውን ወደዚያ አዛወረ። ሰው ስንቁን ቋጥሮ ይመጣል። መቃብር ላይ ተቀምጠው የእህል ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ጠበቃ ያማክራሉ፣ የልጅ ልጅ ያያሉ። ለራስጌው ጠብ ሲበዛ እድሩ ወረፋ አስያዥ መደበ፤ ተራ በደረሰ ቁጥር ጥሩምባው ይነፋል። ድሮ ያን ጥሩምባ ስንሰማ ማን ሞተ እንል ነበር፤ አሁን የማን ተራ ነው ይባላል። ካህናቱ መጀመሪያ ተቆጡ። በኋላ መምሬ ዘውገም ልጃቸው ደወለችላቸው።

እዮስያስ ብቻ እኔ ሳላይ ያስገባውን ስልክ ዘግቶ ኪሱ ከቶታል። ቢከፍተው ቀለበት ይጠይቀዋል።

ሰው የሚጠላኝ ድሮም ነው፤ አሁን ግን ሥራ አድርጎ ያዘው። ሳልፍ ይተፋሉ። ደጄ ላይ እሾህ ከመሩ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ስትል የሰማኋት ሴት የክርስትና ልጄ እናት ናት። እኔም በበኩሌ አልወደድኳቸውም። ሙት ላይ ተቀምጠው ሲስቁ ሳይ ሁሉንም በጥፊ ማለት ያምረኝ ነበር፤ ደግሞ አንዷ አሮጊት የማታውቀውን የልጅ ልጇን በስልክ ስትስም አያለሁና እጄ ይዝላል።

ዶክተር ሲፈን ስክሪኑን አሳየችኝ። ከላይ እስከ ታች አንድ ነጭ ግርፋት አለ።

«ይህ አባትሽና የሚመልሱላቸው ሳተላይቶች ናቸው» አለች። «የእኛው ድምፅ እዚህ ሥር ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ምንም የለም። ትንሽ ነበር የቀረን ወሰንየለሽ። ወሩ ከሞላ ያልቃል። ሌላ የሚሰማ የለም፤ ታውቂያለሽ፣ በዓለም ላይ የለም።» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰች። አጠገቧ ቆሜ የማደርገው አጣሁ።

ወሩ ሊሞላ ሲቃረብ ወደ ወንድሜ ሄድኩ። አርባውን ሳላወጣ አልሄድም ብሎ እትዬ የሺ ቤት ነበር። እግሩ ላይ ወደቅኩ ብል አላፍርም፤ ወድቄያለሁ። ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ታናሼን ለመንኩት።

«አንድ ቃል፣ እዮስያስ። ሐዘን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ሐዘን አይደለም» አለ።

ቀጥሎ የተናገረው ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«እማማ የወደቀች ቀን አንቺ ከተማ ትምህርት ላይ ነበርሽ። አባባ አቅፏት ቀረ፣ እኔ ሮጥኩ። አምቡላንስ ለመጥራት ከዚህ እስከ ኬላው። አፌ ደም ደም እስኪል ሮጥኩ። ስደርስ የኬላው ሰው ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ኪሴን ፈተሸ። ጫማዬን አስወለቀ። አምቡላንሱ ሲመጣ ደግሞ እሱንም ፈተሸ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ከዚያ አንቺ ሄደሽ የዚያን ሰው ወንበር ወረስሽ። እማማ ስትጣራ ሰማዩ አልሰማትም። አሁን አባባ ይጣራ። ይስሙት። ማንንም አላስዘጋቸውም።»

እናቴ በሽታዋ ድንገተኛ ነበር፣ ቢደርሱላትም አትተርፍም ነበር ይሉናል። እሱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

በማግስቱ አካፋ ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ቀትር ነው፤ ግቢው ሞልቷል። ራስጌው ላይ ተራ የደረሳት እትዬ የሺ ናት። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቻይና አገር ጓንግዡ ካለች ልጇ ከኤልዳና ጋር ታወራለች። ኤልዳና አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት አባቴ ነው፤ እንደ እኔው አባባ ትለዋለች። ማረፉን አልነገሯትም። መርዶ በስልክ አይነገርም። እዚያ አገር ያሉ የእኛ ሴቶች ተፈልገው፣ በማለዳ ቤቷ ተሰብስበው ሊያረዷት ታስቦ ነበር፤ ከተማዋ ውስጥ የሚያውቃት ሰው እስካሁን አልተገኘም።

«አባባ ደህና ነው?» ትላለች ኤልዳና በስልኩ።

«ደህና ነው፣ ይኸው ከእኔ ጋር» ትላለች እትዬ የሺ መቃብሩ ላይ ተቀምጣ።

«ስጪው ላናግረው።»

«ተኝቷል ልጄ።»

«ይነሣ እንጂ፣ ቀትር አይደለም እንዴ እናንተ ጋ?»

«ተነሡ!» አልኩ አካፋዬን ድንጋዩ ላይ እየመታሁ። «ሁላችሁም ከአባቴ ላይ ተነሡልኝ። ልቆፍር ነው!»

ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። እዮስያስ ከመካከላቸው ወጣ። የመጀመሪያው ዱላ ከመነሣቱ በፊት ግን በእትዬ የሺ እጅ ያለው ስልክ በሌላ ድምፅ ተናገረ፣ ረጋ ባለ የሴት ድምፅ።

«የወይዘሮ ወሰንየለሽ ማንያዘዋል ድምፅ ታውቋል። አቶ ማንያዘዋል እርዳታ እየጠየቁ ነው። የመጀመሪያው ተጠሪ አልመለሱልንም፤ ሁለተኛዋ ተጠሪ እርስዎ ነዎት።»

«አልተመዘገብኩም» አልኩ።

«የምዝገባ ቃላቸውን እናሰማዎታለን።»

አባቴ ተናገረ። ጉሮሮውን መጀመሪያ ጠረገ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። «ይቺኛዋ ትልቋ ልጄ ናት። ስልክ የላትም፣ ኬላ ላይ ናት። ለፋሲካ ሄጄ ከኬላው ማዶ ስታወራኝ ድምፅዋን ቀድቼዋለሁ፣ ይኸው። ወንድምየው ሆደ ባሻ ነው፤ ነገር ከጠና እሷ ያለችው ይሁን።»

አካፋውን ተደግፌ ቆምኩ። ከሥሬ አፈር ውስጥ መሆኑን የማውቀው አባቴ ከስልክ ውስጥ አመነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

«ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ አባትዎ በሕይወት አሉ?»

«አለ በያት» አለ እዮስያስ። ድምፁ ተሰበረ። «ስለ እማማ ብለሽ፣ አለ በያት።»

እትዬ የሺ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሌላው ስልኩን ታሳየኛለች፤ ያን ጊዜ ነው መስመሩ ክፍት መሆኑ የገባኝ።

«ወሰንዬ?» አለች ኤልዳና ከስልኩ ውስጥ። «ምንድነው የሚሉት? አባባ ምን ሆኖ ነው?»

«አባትዎ በሕይወት አሉ? መልስ ካልሰጡ ጥሪው ይቀጥላል።»

ሲፈን ስክሪኑ ፊት ስታለቅስ ታየችኝ። ሣር ላይ የሚሄደው ሹክሹክታ ታየኝ ልበል፣ ተሰማኝ። ኤልዳናን አላየኋትም፤ ፊቷ እዚያው እትዬ የሺ መዳፍ ላይ ነበር፣ ግን ላያት አልፈለግሁም።

«ሞቷል» አልኩ። «አባቴ ሞቷል።»

«ለሐዘንዎ እናዝናለን» አለ ድምፁ። «ጥሪው ይዘጋል።»

ሊዘጋ ሲል ኤልዳና ጮኸች። ጩኸቱ «አባ» ላይ ደርሶ ተቆረጠ። ግቢው ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ አብሮ ሞተ፤ ሰዉ እንደየተቀመጠበት በጅምር ቃሉ ቀረ። እዮስያስ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ደረቴ ላይ ያለው መፈለጊያ ፀጥ አለ።

ማንም አልመታኝም። ዱላቸውን ይዘው ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ስልካቸውን እያራገፉ።

ዶክተር ሲፈን ከሜዳው በኩል እጇን እያወዛወዘች ስትሮጥ አየኋት። ሰማዩ ጠራ ልትለኝ ነው። እትዬ የሺ የጠፋውን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ክንዴን ያዘችኝ። አልተሳደበችም። እንደ መንገደኛ፣ አገሩን እንደማያውቅ ሰው ነበር የጠየቀችኝ።

«ማን ይዟታል? ልጄን አሁን ማን ይዟታል?»

«አላውቅም እትዬ» አልኳት።